ደሴ ላይ ለ12 ዶሮ የሚሆን ቤት፦ ተሠርቶ ያለቀ ልግዛ ወይስ ላሠራ?

ሆጤ ጓሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው፣ ሆጤ አካባቢ። ከቤቱ ጀርባ 4 ሜትር በ5 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለኝ። ለልጆቼ እንቁላል ከግቢ እንዲወጣ ብዬ ባለፈው ዓመት ሳሶ ከሚባለው ዝርያ 7 የ45 ቀን ዶሮ ገዝቼ ነበር። ቤታቸውን ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ከአሮጌ የዕቃ ሳጥን። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ስለዚህ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቀለልኩት። ቀዳዳ የሚባል ነገር አልተውኩም። ጠዋት ስከፍተው ግን ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማስነጠስ ጀመሩ፣ ዓይናቸው አበጠ፣ ሦስቱ ሞቱብኝ። ትልቋ ልጄ ስታለቅስ ከረመች። የተረፉትን አራቱን ገጠር ላለችው እናቴ ሰጠኋት።

አሁን እንደገና 12 ቄብ ልይዝ ነው። ሁለት ነገር እያሰብኩ ነው። አንዱ ብየዳ ቤት ያየሁት ባለ3 ደርብ የብረት ኬጅ (የሽቦ ሳጥን) ነው፣ ተሠርቶ ያለቀ፣ አምጥቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሌላው አናጢ ጠርቼ በእንጨትና በቆርቆሮ ማሠራት ነው። የቱ ይሻለኛል? ብርዱንስ በምን ልከልክል? ከላስቲክ የሚወፍር ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ዘንድሮ አንድም እንዲሞትብኝ አልፈልግም።

ቦርከና ዳር፦
አብሽሪ እታለም። የልጅሽን ነገር ሳነብ ሆዴን በላኝ። እኔ ኮምቦልቻ ስለሆንኩ ስለ ብርዱ የደሴ ሰዎች ቢነግሩሽ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ያንን ሳጥን ደግመሽ እንዳትጠቀሚበት።

ጦሳ ሥር፦
እህቴ ሆጤ፣ ደሴ ላይ ዶሮ ስይዝ 11 ዓመቴ ነው፣ በግልጽ ልንገርሽ። ዶሮዎችሽን የጎዳቸው ብርዱ አይመስለኝም። ላስቲኩ ላይ ያየሽው ውሃ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከራሳቸው ትንፋሽና ከኩሳቸው ነው። ዶሮ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከሰው ይበልጣል። ላባዋን ነፋ አድርጋ፣ እግሯን ሆዷ ሥር ሸሽጋ፣ ከጓደኞቿ ጋር ተጠጋግታ ቆጥ ላይ ካደረች የደሴን ሌሊት ትችለዋለች። የማትችለው ሲረጥብ ነው። አንቺም ጋቢ ደርበሽ ደጅ ብታመሺ ትችያለሽ፣ ጋቢው ከራሰ ግን ወዲያው ትገቢያለሽ። ያው ነው።

ሌላው ሽታው ነው። ኩስ ሲረጥብ አሞኒያ የሚሉት የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ሰው ቆሞ ሲያሸት ብዙም አይታወቀውም። ጎንበስ በይ፣ የዶሮዋ ራስ ያለበት ድረስ ውረጂና አሽቺ። ዓይንሽን ከቆጠቆጠሽ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲተነፍሱ ነው የሚያድሩት ማለት ነው።

ንፋስና አየርን ለይተሽ አስቢያቸው። ንፋስ ቆጥ ላይ ያለችውን ዶሮ በቀጥታ መምታት የለበትም። አየር ግን ከራሷ በላይ ሁልጊዜ መውጣት አለበት። ስለዚህ ግድግዳው ከታች ጀምሮ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ስትቀመጥ ራሷን እስኪያልፍ ድፍን ይሁን። ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ያለውን 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር በሽቦ ብቻ ተዪው። ሌሊትም አይዘጋ። እኔ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነውና ነፋስ ሲጨመርበት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ብቻ ጆንያ አወርዳለሁ፣ ሌላው ጎን ክፍት ሆኖ ያድራል። እስካሁን በብርድ የሞተብኝ ትልቅ ዶሮ የለም።

ሆጤ ጓሮ፦
ወይ ጉድ። እኔኮ ሌሊት እየተነሳሁ ላስቲኩ የተቀደደበትን እደፍን ነበር። ግን ጋሼ፣ ከላይ ክፍት ከሆነ ሙቀቱ ሁሉ አይወጣም? ቤት ውስጥ እንኳ መስኮት ሲከፈት ይበርዳል።

እንስሳት ጤና፦
እህት፣ ሙያዬ የእንስሳት ጤና ስለሆነ እኔም ልጨምር። ሙቀቱ ይወጣል፣ ልክ ነሽ። ይውጣ። ለዶሮ ሙቀት የሚሰጣት ላባዋ እንጂ ክፍሉ አይደለም። አብሮት እርጥበቱም ስለሚወጣ ትርፉ ያንቺ ነው። ይህን የምልሽ ላባ ለለበሰች ዶሮ ነው፣ የአንድ ቀን ጫጩት ሌላ ጉዳይ ነው። ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። አንቺ ቄብ ስለምትገዢ ይኼ አያሳስብሽም።

ማስነጠስና የዓይን እብጠት የመተንፈሻ በሽታ ምልክት ነው። ሳያዩ ይኼኛው በሽታ ነው ማለት አይቻልም። አሞኒያው ግን ዓይናቸውንና የመተንፈሻ ቧንቧቸውን ሲልጠው በሽታው በቀላሉ ይገባል። ሳጥኑን በተመለከተ ቦርከና ዳር ያለው ትክክል ነው፣ አቃጥዪው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ አያስቆምም። ፈንግል በተለይ በበዓል ሰሞን ዶሮ ከየገበያው ሲቀላቀልና ክረምት ሲገባ አካባቢውን ይጠርጋል። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ጤና ተቋም ያመርተዋል፣ በየ3 ወሩ መድገም ይመከራል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚሆነው፣ ከተከፈተና ከተበጠበጠ ደግሞ ለሌላ ቀን አይቀመጥም። ስለዚህ ጎረቤቶችሽን አስተባብሪና በአንድ ቀን አስከትቡ። ከገበያ አዲስ ዶሮ ስታመጪም ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ጥግ ላይ ለዚህ የሚሆን ትንሽ ክፍል ከአሁኑ አሠሪ፣ በኋላ ስትፈልጊው ቦታ ታጫለሽ።

ፒያሳ፦
እኔ ደግሞ ኬጅ ነው ያለኝ፣ 2 ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ጥሩ ጎኑን ልንገርሽ። እንቁላሉ ተንከባሎ ወደ ፊት ስለሚወጣ ንጹህ ነው፣ ዶሮዋም አትሰብረውም። ኩሱ ከሥር ላሜራ ላይ ይወርዳል፣ በየቀኑ ጠርጌ አወጣዋለሁ። ቦታ አይፈጅም። ሥራ ለሚበዛበት ሰው ምቹ ነው።

የከበደኝ ነገር ግን አለ። ኬጁን ገዝቼ ግቢ ሳስቀምጠው ነው ቤት እንዳልሆነ የገባኝ። ጣሪያ የለው፣ የንፋስ መከለያ የለው። ለብቻው መጠለያ ማሠራት ነበረብኝ፣ ያልቆጠርኩት ወጪ ነበር። ሁለተኛ፣ ዶሮዎቹ መሬት ጭረው የሚያገኙት ነገር ስለሌለ የሚበሉት ሁሉ ከአንቺ እጅ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ፒያሳ ጥሩ አድርጎ ገለጸው። ኬጅ አልጋ ነው፣ ቤት አይደለም። የእንቁላል ዘር ለሆኑት እንደ ቦቫንስ ላሉት ቀለል ያሉ ዶሮዎች ይሄዳል። ሳሶ ግን ከባድ ነው፣ ሽቦ ላይ ሲኖር እግሩ ሥር ይቆስላል። ደግሞ እህታችን ልጆች አሏት። ልጅ ዶሮ ሲጭር አይቶ፣ ጎመን ወርውሮለት፣ እንቁላል ከጎጆው ፈልጎ ቢያድግ ደስ ይላል። 4 በ5 ሜትር ቦታ ያለው ሰው ለምን ዶሮውን ሽቦ ላይ ያስቀምጣል? ቦታ የሌለው ቢገዛ አልፈርድበትም።

አናጢ ቧንቧ ውሃ፦
ሰላም ነው። ሥራዬ ስለሆነ ልኩን ልስጥሽ፣ ከዚያ ማንም አናጢ ይሠራልሻል።

ለ12 ዶሮ የማደሪያው ወለል 3 ካሬ ሜትር ይብቃሽ፣ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ማለት ነው። በካሬ 4 ዶሮ ይደርሳል። ቀን የሚውሉበት የታጠረ ግቢ ለብቻው ነው፣ እሱን ለአንድ ዶሮ 1 ካሬ ያዢለት። አጠቃላይ 15 ካሬ ነው፣ ቦታሽ 20 ካሬ ነው፣ ይበቃል።

ቤቱን ከመሬት 50 ወይም 60 ሳንቲሜትር አንሺው። ደሴ ዳገት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ከላይኛው ግቢ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ወለሉ አይደርቅም። ከፍ ካለ ውሃው ከሥር ያልፋል፣ ዶሮዎቹም ዝናብ ሲሆን ከሥሩ ይጠለላሉ። እግሩን ከባህር ዛፍ አድርጊው፣ መሬት የሚገባውን ክፍል የተቃጠለ ዘይት አስቀቢው፣ ካልሆነ ምስጥ ይበላዋል። ከዘይቱ በላይ እያንዳንዱን እግር በቆርቆሮ ክቢው፣ አይጥ ቆርቆሮ ላይ ይንሸራተታል።

ማዕቀፉን በሞራሌ፣ ግድግዳውን በጣውላ ወይም በማገርና በጭቃ መሥራት ይቻላል። ጭቃው ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው፣ ጭዱን አብዝተሽ ካስቦካሽው አይሰነጠቅም። ከባድ ስለሆነ ግን ከፍ ላለ ቤት ጣውላ ይሻላል። ችፑድ አደራ እንዳያስገቡልሽ። እርጥበት ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፣ አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ጣሪያው ባለ2 ሜትር ቆርቆሮ፣ 4 ፍሬ። ፊቱን ከፍ፣ ጀርባውን ዝቅ አድርገው ወደ ጀርባ እንዲፈስ ያድርጉት። ከግድግዳው በሁሉም በኩል 25 ሳንቲሜትር ገደማ ይውጣ፣ አለዚያ ዝናቡ በዚያ በክፍቱ ሽቦ ይገባል። ብዙ ሰው ቆርቆሮ ለመቆጠብ ክፈፉን ያሳጥራል፣ ከዚያ በክረምት ሸራ ይወጥራል፣ ሸራው ደግሞ አየሩን ይዘጋል። የላስቲኩ ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስለ ሽቦው ጠንከር ብዬ ልናገር። የዶሮ ሽቦ የሚባለው ቀጭኑ ዶሮ እንዳይወጣ ያደርጋል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አያደርግም። ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል። ለማደሪያው የተበየደውን፣ ዓይኑ ከ1.5 ሳንቲሜትር ያልበለጠውን ግዢ። ቀጭኑን ለቀን ግቢው ተጠቀሚበት፣ ከላይም አልብሺው፣ ጭልፊት አለ። ሽቦውን ምስማር አጥፎ መምታት ብቻ አይበቃም፣ ጠርዙ ላይ ስስ ጣውላ ደርበው ይምቱበት።

ቦርከና ዳር፦
አናጢው ጥሩ ብሏል። እኔ የኮምቦልቻን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን የሚያነብ የእኛ ከተማ ሰው ቀጥታ እንዳይቀዳው። እኔ ያደረግኩት እሱን ነው። ደሴ ያለው አጎቴ ቤት ያየሁትን አስመስዬ አሠራሁ፣ እስከ ላይ ድፍን፣ ከላይ ትንሽ ክፍት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ስትመጣ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ግንቦት ላይ ቀትር ሲሆን ቆርቆሮው ይጋላል። ዶሮዎቼ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ነበር፣ ክንፋቸውን ከሰውነታቸው አርቀው። እንቁላሉ ቀነሰ፣ የሚጥሉትም ልጣጩ ስስ ሆነ። አንዷ ወላሂ እጄ ላይ ነው የሞተችው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ረጃጅም ግድግዳዎች ከጉልበት በላይ አፍርሼ ሽቦ አደረግኩት። ቆርቆሮው ላይ ሳር ከደንኩበት። ውሃውን ከፀሐይ ወደ ጥላ አዛወርኩ። ውሃ በጣም ወሳኝ ነው ያ ጀማዓ፣ ለ12 ዶሮ በቀን 3 ሊትር ይፈልጋሉ፣ ሙቀት ሲሆን ከዚያ በላይ። አቀማመጡንም አስተካከልኩ፣ ቤቱ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሆን ፀሐይ የምትመታው አጫጭሮቹን ጎኖች ነው፣ ሰፋፊዎቹ ጥላ ይሆናሉ።

ጦሳ ሥር፦
@ቦርከና ዳር፣ እኛ ጋ ግን እኔ በሩን ወደ ምሥራቅ ነው የማዞረው። የጠዋት ፀሐይ ገብታ ወለሉ ላይ የሚነጠፈውን ጉዝጓዝ እንድታደርቅልኝ። ለእናንተ ፀሐይ ጠላት ናት፣ ለእኛ ግን መድኃኒት ናት።

ቦርከና ዳር፦
ልክ ነው ጋሼ። ለደሴ እንደሱ ነው።

ተከራይ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ኪራይ ቤት ነኝ፣ አከራዬ መሬት መቆፈር ከልክለውኛል። 4 ዶሮ ብቻ ልይዝ ብል መፍትሔ አለው?

አናጢ ቧንቧ ውሃ፦
አለው ወንድም። 1 ሜትር በ1 ሜትር ማደሪያ በ4 አጫጭር እግር አሠራ። በሁለቱ ጎን ረጃጅም መያዣ እንጨት ይውጣለት፣ እንደ ቃሬዛ። ሁለት ሰው አንስቶ ያዛውረዋል። ቤት ስትቀይርም ይዘኸው ትሄዳለህ። አውራ አትያዝ፣ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልግም፣ ጎረቤትም በሌሊት አይነቃብህም።

የወሎ እናት፦
ልጆቼ ሁላችሁም ደህና ብላችኋል። እኔ የምጨምረው ስለ ውስጡ ነው፣ ወንዶቹ ስለ ግድግዳው አውርተው ውስጡን ረሱት።

ድሮ እናቶቻችን ዶሮን ከሰው ጋር አንድ ቤት ነበር የሚያሳድሯት፣ ቆጥ ተሠርቶላት። ቆጥ የሌለው የዶሮ ቤት ቤት አይባልም። መሬት ያደረች ዶሮ ኩሷ ላይ ነው የምታድር። ለሳሶ ለአንዷ 25 ሳንቲሜትር ተይላት፣ ለ12 ዶሮ 3 ሜትር ይመጣል፣ ሁለት ባለ1.5 ሜትር እንጨት ይበቃሻል። ውፍረቱ እጅሽ ጨብጦ የሚይዘው ያህል ይሁን። ሁለቱንም እኩል ከፍታ ላይ አድርጊያቸው፣ አንዱ ከበለጠ ሁሉም እሱን ሲሻሙ ይደባደባሉ። የባህር ዛፉን ቅርፊት ግን ላጪው ልጄ። ቅርፊቱ ሥር ቀያይ ነፍሳት ይራባሉ፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት ደሟን ይመጧታል። ዶሮዋ ትገረጣለች፣ እንቁላል ታቆማለች፣ አንቺ ምክንያቱን አታውቂም። ማታ በባትሪ ገብተሽ ቆጡን ከሥር በነጭ ጨርቅ ጥረጊው፣ ቀይ ነጠብጣብ ካየሽ አሉ ማለት ነው። ቆጡ ተነቃይ ከሆነ አውጥተሽ የፈላ ውሃ ታፈሺበታለሽ።

እንቁላል የሚጥሉበትን ሳጥን ከቆጡ ዝቅ አድርጊው። ከፍ ካለ እዚያው ያድሩበታል፣ እንቁላሉም ይቆሽሻል። 30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ 3 ሳጥን ይበቃል፣ ጨለም ያለ ጥግ ይሁን። ከቆጡ ሥር ላሜራ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ አንጥፊ፣ ብዙው ኩስ ሌሊት ነው የሚወርደው፣ ጠዋት እሱን ማንሳት ነው። ያን ኩስ ለጎመን ወዲያው እንዳትሰጪው፣ ትኩስ ስለሆነ ያቃጥለዋል፣ ከቅጠልና ከገለባ ጋር ወራት ይቆይ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ 10 ሳንቲሜትር ያህል አፍስሺ፣ መላጊያ የሚያወጣው የተጠማዘዘው ከዱቄቱ ይሻላል፣ ዱቄቱ አቧራ ነው። ጥግ ላይ አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅለሽ በሳፋ አስቀምጪላቸው፣ ይንከባለሉበታል፣ ቅማል ይቀንስላቸዋል።

ማታ ደግሞ በሩን ሳትዘጊ እንዳትተኚ። ሸለምጥማጥ አንድ ሌሊት ነው የሚፈልገው። እኔን አንዴ 5 ገድሎብኝ የወሰደው አንዷን ነው።

ሆጤ ጓሮ፦
እማማ እድሜ ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ እሱም ኬጁን ተዪው፣ እናሠራው አለኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ 3 ካሬው ሰፊ ይመስለኛል፣ አንድ ጊዜ ወጪውን ካወጣሁ አይቀር 20 ባስገባስ? የእንቁላል ዋጋ እንደምታዩት ነው።

ጦሳ ሥር፦
እህቴ፣ ቀን ባዶውን ስታዪው ሰፊ ይመስላል። ማታ ሁሉም ሲገቡ ነው ልኩ የሚታወቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። 20 ዶሮ 3 ካሬ ላይ ኩሱ ቶሎ ይረጥባል፣ ይነካከሳሉ፣ ላባ ይነጫጫሉ፣ አንዷ ደም ካወጣች ሁሉም እሷ ላይ ይረባረባሉ። መኖውንም አስቢው፣ አንዷ በቀን 120 ግራም ብትበላ ለ12 በወር 43 ኪሎ ገደማ ነው፣ ለ20 ወደ 72 ይጠጋል። አንድ ክረምት በ12 ከርመሽ እዪው።

እንስሳት ጤና፦
እስማማለሁ። ጉዝጓዙ ሲረጥብ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስም ይከተላል። የውሃ ዕቃውን ጡብ ላይ ከፍ አድርጊው፣ ጀርባዋ ድረስ ይሁን። ወለሉን በብዛት የሚያረጥበው የሚደፉት ውሃ ነው።

ሆጤ ጓሮ፦
እሺ፣ 12 ይሁን። አናጢው ሰኞ ይጀምራል።

ሆጤ ጓሮ፦
ከ6 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ቤቱ አለቀ፣ 12ቱም ገብተዋል። በር ወደ ምሥራቅ፣ ከመሬት 55 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ ከላይ 35 ሳንቲሜትር ሽቦ። አናጢው መጀመሪያ ላይ ከላይ ክፍት ይሁን ስለው "በዚህ ብርድ?" ብሎ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ የጋሼን ጽሑፍ አሳየሁትና ሠራልኝ። ችፑድ ላደርግ ብሎም ነበር፣ አልቀበልም አልኩ። ቆጡን ከትልቋ ልጄ ጋር ሆነን ነው የላጥነው። ከ3 ጎረቤቶቼ ጋር ተባብረንም አንድ ብልቃጥ አስከተብን።

ትናንት ሌሊቱ በጣም ይበርድ ነበር፣ ጉም ነበር። መተኛት አልቻልኩም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ባትሪ ይዤ ወጣሁ። 12ቱም ተደርድረው ተኝተዋል፣ ራሳቸውን ክንፋቸው ውስጥ ከተው። እጄን ሰድጄ ጣሪያውን ከውስጥ ነካሁት። ደረቅ ነው። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፣ የሚሸተው ሰጋቱራው ብቻ ነው። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

የወሎ እናት፦
እሰይ ልጄ፣ እሰይ። የበሩ መዝጊያ ምን ዓይነት ነው?

ሆጤ ጓሮ፦
የእንጨት መወርወሪያ ነው እማማ፣ የሚዞር።

የወሎ እናት፦
እሱን ሸለምጥማጥ ይገፋዋል፣ ውሻም በአፍንጫው ያዞረዋል። የብረት አድርጊበትና ቁልፍ ግዢለት።

ሆጤ ጓሮ፦
ነገ ጠዋት እገዛለሁ። ለዛሬ ማታ በሽቦ ጠምዝዤ አሰርኩት።